ነጂውስ ሰው አይደለም ወይ?

ከትንሣኤ በዓል በኋላ ያሉት ሃምሳ ቀኖች ጾም የሌለባቸው ስለ ሆኑ ሰርግና ማኅበር፥ ጥሪና ጉብኝት የሚበዛባቸው ናቸው። በወላይታ ሶዶም እንዲሁ ነው። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ባለችው በዚህች ከተማ ቅዳሜ ሌሊት በ11 ሰዓት ወደ መናኸሪያው አካባቢ ብቅ ያለ ሰው፥ መምህራን፥ የመንግሥት ሠራተኞች፥ የዕቁብ ማኅበርተኞች ኮስተር ወይም ቅጥቅጥ ተከራይተው፥ ዳቦና ቆሎ፥ በጠርሙስ የተሞላ ዳጣ፥ የቡና ረከቦትም ሳይቀር ጭነው ሲነሡ ያያል። ቀድሞ ጉዞው ወደ አርባ ምንጭ ወይም ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ነበረ። ዛሬ ግን ዝርዝሩ ሰፍቶ፥ የወይን እርሻ ጎብኝቶና የወይን ጠጅ ቀምሶ መመለስ ተጨምሮበታል። በዚህ ወር ልንነጋገርበት የፈለግነው ስለዚህ ጉዞ ነው። ወይን ክፉ ነገር ነው ልንል አይደለም፤ እንዲህ ብንል በየዓመቱ ጥር 12 ቀን ቃና ዘገሊላን የምናከብረው ለምንድን ነው ተብለን እንጠየቃለንና።

ወይን ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። በዲቁና ያደግን ሰዎች ወይንን የተዋወቅነው በብርጭቆ ሳይሆን በቤተ ልሔም ነው። ዘቢቡ ተለቅሞ ይታጠባል፥ በንጹሕ ውኃ ይዘፈዘፋል፥ ሲርስም ታሽቶ ይጨመቃል፥ ይጠለላል። ይህን ሥራ የሚሠራ ዲያቆን በባዶ ሆዱ ነው፤ ጣቱን እንኳ እንዳይልስ ይጠነቀቃል። እንግዲህ ወይንን ነክቶ አለመቅመስ የሚቻል መሆኑን ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል ማለት ነው።

ለማዕድ የሚሆነውን የወይን ጠጅ ደግሞ አዋሽ የወይን ጠጅ ፋብሪካ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሲያቀርብ ኖሯል፤ ጉደርና አክሱማይት የሚሉትን ስሞች ያልሰማ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ከዚያ በኋላ በዝዋይ፥ ዛሬ ባቱ በምትባለው ከተማ አጠገብ፥ ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ከቦርዶ ያስመጣውን ችግኝ ተክሎ፥ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች አወጣ። ጅብና ጉማሬ፥ ዘንዶም ጭምር እንዳይገባበት በእርሻው ዙሪያ ሰፊ ቦይ ተቆፍሮለታል። በመኃልየ መኃልይ የወይኑን ቦታ የሚያጠፉት ቀበሮች ናቸው፤ በስምጥ ሸለቆ ግን ጉማሬ ሆነና አረፈው። ይህን የመሰለ እርሻ በሀገሩ ሲለማ አይቶ መደሰት የተገባ ነው፤ ልጆችም ቢያዩት ከመጽሐፍ የበለጠ ይማሩበታል።

አሁን ወደ ቅምሻው እንምጣ። መቅመስ የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ የታወቀ ሥራ አለው። ጠጅ አሳላፊ ጠጁን ለእንግዳ ከመስጠቱ በፊት ጥቂት በመዳፉ አፍስሶ ይጠጣል፤ ይኸውም መጠጡ ንጹሕ ስለ መሆኑ በራሱ ነፍስ ዋስ መግባቱ ነው። በቃና ሰርግም ውኃው ወይን ከሆነ በኋላ አስቀድሞ የቀመሰው ሊቀ ምርፋቁ ነበረ። ሁለቱም የሚቀምሱት ስለ ሌላው ሰው ብለው ነው፤ ቀምሰውም ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። የወይን ባለሙያዎች ቅምሻ ከዚህ የራቀ አይደለም። ከብርጭቆው ግርጌ ጥቂት ያስቀዳሉ፤ መልኩን በብርሃን ያያሉ፤ ያሸቱታል፤ በምላሳቸው ላይ ያንከባልሉታል፤ በመጨረሻም ለዚህ በተዘጋጀ ዕቃ ውስጥ ይተፉታል። መትፋታቸው መጠጡን ንቀው አይደለም። በአንድ ቀን ብዙ ዓይነት የሚቀምስ ሰው ሁሉን ቢውጠው ዐሥረኛውን ከሦስተኛው መለየት ስለሚያቅተው ነው።

በእኛ ሀገር ግን የተቀዳልህን መጠጥ በጋባዥህ ፊት መትፋት ከስድብ ይቆጠራል። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ያዘጋጁት ባልዲ ባዶውን ይውላል፤ ቅምሻ የተባለውም ስሙን እንደ ያዘ መጠጥ ይሆናል። ሒሳቡን እናስላው። በአንድ ጊዜ የሚቀዳው 50 ሚሊ ሊትር ያህል ቢሆን፥ አምስት ዓይነት ቀምሶ የዋጠ ሰው 250 ሚሊ ሊትር ጠጥቷል፤ ይኸውም የአንድ ጠርሙስ ሢሶ ነው። ወይኑ ከመቶ 12 እጅ አልኮል ቢኖረው፥ በሆዱ የገባው ንጹሕ አልኮል 30 ሚሊ ሊትር፥ በሚዛን 24 ግራም ያህል ነው። የሰው ጉበት በአንድ ሰዓት የሚያስወግደው በአማካይ ከ7 እስከ 10 ግራም ስለ ሆነ፥ ይህ ብቻ ከደም ለመውጣት ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ይፈልጋል። ቡናም፥ ቀዝቃዛ ውኃም፥ ጫትም ይህን ጊዜ አያሳጥሩትም። ቡና የጠጣ ሰካራም ዓይኑ የተገለጠ ሰካራም ነው እንጂ የበረደለት አይደለም።

ይህን ከያዝን በኋላ፥ በ2017 ዓ.ም. በግንቦት ወር አንድ ቅዳሜ ከሶዶ የተነሡ 26 ማኅበርተኞች የገጠማቸውን እንናገር። ማኅበሩን በስሙ አንጠራም፤ የጎበኙት የወይን ቦታም ጥፋት ስለሌለበት ስሙ አያስፈልግም። ከመካከላቸው ሦስት ሰዎች ለየብቻ ነገሩን አጫውተውናል፤ በዋናው ነገር የሦስቱም ቃል አንድ ነው።

ማኅበርተኞቹ የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ሲሆኑ፥ እኩሌቶቹ ኦርቶዶክሳውያን፥ እኩሌቶቹ ደግሞ አልኮል የማይጠጡ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ምእመናን ናቸው። ወላይታን ለሚያውቅ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ባል ከቅዳሴ፥ ሚስት ከጸሎት ቤት ተመልሰው በአንድ ማዕድ የሚቀመጡበት ሀገር ነው። የማይጠጡት ለምን ሄዱ ቢባል፥ ዕቁቡ የሁሉም ነው፤ ሐይቅና እርሻ ማየትም ለሁሉም ደስ ይላል። ማለዳው መልካም ነበረ። ቦዲቲንና ሾኔን አልፈው፥ በሐላባ ቁሊቶ አድርገው ሻሸመኔ ወጡ፤ ከዚያም ወደ ስምጥ ሸለቆው ሐይቆች አቅጣጫ አቀኑ። በመኪናው ውስጥ እየዘመሩ፥ እየተጫወቱ፥ ቆሎ እየተሻሙ ደረሱ።

ቅምሻው ሲጀመር አስጎብኚው መትፊያውን አሳያቸው፤ እነርሱም ሳቁ። ለእያንዳንዱ ሰው እኩል ይቀዳ ስለ ነበረ በማይጠጡት ፊት ብርጭቆው ተደረደረ። የተቀዳ መጠጥ ሲደፋ ማየት የማይሆንላቸው ጐረቤቶቻቸው እነዚያንም አነሡ። እንዲህ ሆኖ ከላይ ያሰላነው ሒሳብ ለብዙዎቹ እጥፍ ሆነ። አንባቢ ልብ ይበል፤ ልስከር ብሎ ከቤቱ የወጣ ሰው አንድም አልነበረም። ሁሉ ነገር የተደረገው በጨዋነት ነው።

ነጂው ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይጠብቃቸው ነበር። ከማኅበርተኞቹ አንዱ፥ ሦስቱም ነጋሪዎቻችን ደግ ሰው ነው ይሉታል፥ «እኛ ስንቀምስ እርሱ ቁጭ ብሎ ያየናል? ነጂውስ ሰው አይደለም ወይ?» ብሎ ብርጭቆ ይዞለት ሄደ። ነጂው መጀመሪያ እንቢ አለ። «ቅምሻ እኮ ነው» ተባለ። ሁለተኛው ተከተለ፤ በሦስተኛው ላይ «በሥላሴ» ተባለና ጠጣ። ስመ ሥላሴን ሰው ለማጠጫ ማድረግ የከፋ ልማድ ነው፤ ዳሩ ግን በየቤታችን አለ፤ በክርስትናና በሠርግ ቤት ይህን ቃል ያልሰማ አንባቢ አይኖርም። ሻሸመኔ ላይ ዘግይተው ለምሳ ሲቆሙም ከገዙት ጠርሙስ አንዱ ተከፈተ፤ ለነጂውም በምግቡ ላይ ተቀዳለት። በዚህ ጊዜ እንቢ አላለም።

ከሻሸመኔ ሲነሡ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር። ከዚያ ወደ ሐላባ ያለው መንገድ ብዙ የማያስቸግር ይመስላል፤ ሰውን የሚያዘናጋውም ይኸው ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መንገዱ ከገበያ በሚመለስ ሰው፥ በአህያና በጋሪ፥ በከብት መንጋ፥ በባጃጅና በሞተር ብስክሌት ይሞላል፤ ወደ ምዕራብ ለሚነዳውም ብርሃኑ ፊት ለፊት ዓይኑን ይወጋዋል። አውቶቡሱ ሁለት ጊዜ የመንገዱን መካከል ስቶ ወጣ። በሁለተኛው ጊዜ ከፊት የመጣ የጭነት መኪና ጥሩምባውን እየነፋ፥ ጎማውን ከአስፋልቱ አውጥቶ አመለጣቸው። በፊት ወንበር የነበሩት አዩ። ረዳቱም አየ፤ ነገር ግን የ19 ዓመት ልጅ ነው፥ እንጀራው በነጂው እጅ ነው፥ ዝም አለ። ከኋላ ያሉት ግን ሙዚቃው ከፍ ብሎላቸው ያጨበጭቡ ነበር።

በዚህ ጊዜ አንዲት እናት ከመቀመጫቸው ተነሡ። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የተጠጋ፥ በመሥሪያ ቤቱ ለብዙ ዓመት የኖሩ፥ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት የቀራቸው ናቸው። ወደ ነጂው ጠጋ ብለው «ልጄ፥ ቀስ በል» አሉት። «እማማ፥ ይቀመጡ፤ ይህን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ» አላቸው። ተመልሰው ተቀመጡ። ጥቂት ቆይተው ግን «ሆዴን ቆረጠኝ፤ ለእግዚአብሔር ብለህ አውርደኝ» አሉ። ለሆድ ቁርጠት የማይቆም ነጂ የለምና ሐላባ ቁሊቶ መግቢያ ላይ ቆመላቸው። ወረዱና ከመንገዱ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ነጠላቸውን አጣፉና «እኔ ዛሬ ወደዚህ መኪና አልመለስም» አሉ።

ለመኗቸው፤ ቀጥሎም ተቆጧቸው። አንዱ «በሰው ሀገር ሊያሳድሩን ነው?» አለ። ሌላው «ሰክሮ ቢሆን ኖሮ እስከዚህ ባልደረሰ» አለ። ነጂው በሁሉ ፊት ስሙ ስለ ጠፋ ከሁሉ ይልቅ ተቆጣ። እርሳቸው ለማንም መልስ አልሰጡም። በመጨረሻ ከወንጌላውያኑ አንዲት ወጣት የሒሳብ ሠራተኛ ወርዳ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ ቀጥለው ሁለት ወንዶች ወረዱ፤ ከዚያም ሌሎች። ሰባት ሰዎች በወረዱ ጊዜ ረዳቱ ቁልፉን ነቅሎ በኪሱ ከተተ። ነጂውም ጥቂት ከጮኸ በኋላ እዚያው ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ማንም ሰው ከዚያ ወዲያ ሰክሯል አልሰከረም ብሎ የተከራከረ የለም።

ሌሊቱ ግን መራራ ነበረ። በከተማው ያገኙት አልጋ ለእኩሌቶቹ እንኳ ስላልበቃ የቀሩት በአውቶቡሱ ውስጥ ተቀምጠው አደሩ። የጡት ልጅ ትታ የመጣች እናት ስታለቅስ አነጋች። የአንዳንዶቹ ስልክ ባትሪው አልቆ ስለ ነበረ በሶዶ ሁለት አባቶች እስከ እኩለ ሌሊት ከሆስፒታል ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሲመላለሱ ቆዩ። እሑድ ጧት 4 ሰዓት ሶዶ ሲገቡ ቅዳሴው ወጥቶ ነበር።

ማኅበርተኞቹ ይህን «የተበላሸው ጉዞ» ይሉታል። ያበላሸው ማን ነው ሲባል ግን የአብዛኞቹ ጣት የሚያመለክተው ወደ እኒያ እናት ነው። የአልጋው ኪራይና ባለመኪናው የጠየቀው የተጨማሪ ቀን ሒሳብ ከዕቁቡ ገንዘብ ተከፍሎ በእርሳቸው ስም ተጽፏል፤ ዕጣቸው ሲወጣ ይቀነስባቸው ተብሎም ተወስኗል። ከነጋሪዎቻችን አንዱ ይህ ፍርድ ትክክል ነው ብሎ ያምናል። እንዲህ ሲል አስረዳን፦ አደጋ አልደረሰም፤ ስለዚህ ይደርስ ነበር ብሎ ማረጋገጥ አይቻልም፤ የደረሰው ጉዳት ግን በደረሰኝ የታወቀ ነው፥ እርሱም የአዳሩ ወጪ ነው።

ይህ የተማረ ሰው አነጋገር ነው፤ ለተማሪ የክርክር መልመጃ ቢሆን ጥሩ ማርክ እንሰጠው ነበር። ክፋቱ በዚህ ሚዛን ሲመዘን በጊዜው የተነገረ ማስጠንቀቂያ ሁሉ ሐሰት ሆኖ መገኘቱ ነው። ሌሊቱን ሲጠብቅ ያደረውን ዘበኛ፥ ሌባ አልመጣምና ደመወዝ አይገባህም እንደ ማለት ነው። በእኛ አስተያየት እኒህ እናት አንዲት ሳንቲም ሊከፍሉ አይገባም። ወጪው በሃያ አምስት ተካፍሎ የእርሳቸውም ድርሻ በሌሎቹ ቢሸፈን ነበር የሚያምረው።

አንድ ሌላ ጠያቂ ደግሞ፥ ሆዳቸውን ሳይቆርጣቸው ቆረጠኝ ማለታቸው ውሸት አይደለም ወይ ብሎናል። ውሸትነቱን አንክድም፤ ለንስሐ አባታቸው የሚናገሩት ነው። ዳሩ ግን ሃያ ስድስት ሰው በተሳፈረበት መኪና ውስጥ እውነት ያላቆመውን ነጂ የሆድ ቁርጠት ካቆመው፥ ንስሐው የእርሳቸው ብቻ አይመስለንም።

ነጂውስ? ባለመኪናው ከሥራ አሰናበተው። ጠጥቶ መሪ መጨበጡ ጥፋት ነውና መጠየቁ አልገረመንም፤ ወደ መሪው ይመለስ ብለንም አንከራከርለትም። ነገር ግን እንቢ ሲል ሦስት ጊዜ የቀዱለት፥ በምሳው ላይም የጨመሩለት ሰዎች ሰኞ ጧት በየወንበራቸው ተቀምጠዋል። ከእነርሱ አንድ ሰው እንኳ ወደ ባለመኪናው ሄዶ «ያጠጣነው እኛ ነን» አላለም። ስለ አዳሩ ወጪ ሦስት ጊዜ የተሰበሰበ ማኅበር ስለዚህ አንድ ጊዜ አልተሰበሰበም።

አደጋ አልደረሰም ለሚሉት ደግሞ የደረሰበትን እንንገራቸው። በአውስትራልያ ከሲድኒ በስተ ሰሜን ሃንተር የሚባል፥ በወይን እርሻ የታወቀ ሸለቆ አለ። በሰኔ 4 ቀን 2015 ዓ.ም. እሑድ ማታ፥ በአንድ የወይን እርሻ በተደረገ ሰርግ ላይ የዋሉ 35 እንግዶችን የጫነ አውቶቡስ ግሬታ በምትባል ከተማ አጠገብ አደባባይ ሲዞር ተገለበጠ። 10 ሰዎች ሞቱ፤ 25 ቆሰሉ። ሰርገኞች ጠጥተው የየራሳቸውን መኪና እንዳይነዱ አውቶቡስ መከራየት በዚያ ሀገር የተለመደ ጥንቃቄ ነው፤ ሞት የመጣው ግን በጥንቃቄው በኩል ነው። የሚያስደንቀው ነጂውን የጣለው ወይን አለመሆኑ ነው። ትራማዶል የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ከመጠን በላይ ወስዶ ነበር፤ በፍጥነት ሲነዳም ከተሳፋሪዎቹ ቀስ እንዲል የነገረው ሰው ነበረ፤ አልሰማም። ፍርድ ቤቱ በመስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም.፥ እኛ እንቍጣጣሽን በምናከብርበት ዕለት፥ የ32 ዓመት እስራት ፈረደበት።

ስለዚህ ነገሩን ሁሉ በወይን ላይ የሚያላክክ ሰው ግማሹን ብቻ አይቷል። ጫት ይዞ ሌሊቱን ሲነዳ ያደረ፥ ለጉንፋን የሚያስተኛ ኪኒን የዋጠ፥ ዓርብ ሌሊት ከአዲስ አበባ ገብቶ ቅዳሜ በ11 ሰዓት ማኅበርተኛ የሚጭን ነጂ፥ ጠብታ ሳይቀምስም እንደዚያው ነው። መኪና በተከራዩ ጊዜ ዋጋውን የማይከራከር የለም፤ ነጂው ትናንት የት አደረ ብሎ የሚጠይቅ ግን አላየንም።

ከእኛ ሩቅ ያልሆነውንም አንረሳም። በታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. እሑድ፥ በሲዳማ ክልል በቦና ዙሪያ ወረዳ፥ ሰርገኞችን የጫነ አይሱዙ የጭነት መኪና ገላና ወንዝ ውስጥ ገብቶ 71 ሰዎች ሞቱ። ከአንድ ቤት ከአንድ በላይ ሰው የቀበሩ ነበሩ። ይህን የምንጠቅሰው ስለ መጠጥ አይደለም። መኪናው ከልኩ በላይ ሰው ጭኖ ነበር፤ ተሳፋሪዎቹም በአንድ ደስታ የተሰበሰቡ ነበሩ። በተራ የሕዝብ መኪና የተሳፈረ ሰው ነጂው ሲያበዛ «ቀስ በል፥ ልጆች አሉን!» ብሎ ይጮኻል፤ ማንም አይቀየመውም፤ ሲወርዱ ይለያያሉ። በማኅበርና በሰርግ ጉዞ ግን ሁሉም ይተዋወቃል፤ ነገ በቢሮ፥ በዕድር፥ በለቅሶ ቤት ይገናኛል። «ይህ መኪና ሞልቷል፤ እኔ አልሳፈርም» ያለ ሰው የሙሽራውን ደስታ ያደፈረሰ ይመስለዋል። እንዲህ በሚዋደዱ ሰዎች መካከል «አቁም» የሚለው ቃል ከሁሉ ይልቅ ይከብዳል።

እንግዲህ ወደ ደጉ ሰው ጥያቄ እንመለስ። በልቶ ለአጠገቡ ያላካፈለ ሰው በእኛ ዘንድ ይነወራል። ቁርጥ በዳጣ አስቀርቦ ነጂውን ከደጅ ያስቀመጠ ማኅበር በሶዶ ስሙ ይጠፋል፤ ሊጠፋም ይገባዋል። ስለዚህ ለነጂው ምንም አትስጡ የሚል ምክር ሰሚ አያገኝም። የሚሻለው ስጦታውን መለወጥ ነው። ምሳው በሰዓቱ፥ ከማኅበርተኞቹ ጋር በአንድ ማዕድ ይሁን። የቅምሻው ድርሻ በገንዘብ ተሰልቶ ይሰጠው፤ የግድ ጠርሙስ ይሁን የሚል ካለም፥ እንደ ታሸገ ሶዶ ከተገባና ቁልፉ ለባለመኪናው ከተመለሰ በኋላ ወደ ቤቱ ይውሰድ። በፊት ወንበር፥ ከነጂው ጎን፥ የማይጠጣ ሰው ይቀመጥ፤ በወላይታ ማኅበሮች እንዲህ ያለ ሰው አይታጣም፤ ይህም ሌላው ሀገር የማያገኘው ዕድል ነው። ከሁሉ በፊት ግን መኪናው ከሶዶ ሳይነሣ የማኅበሩ ሰብሳቢ ቆሞ፥ ማንም ሰው «አቁም» ቢል መኪናው እንደሚቆም፥ ምክንያቱ እንደማይጠየቅ፥ ወጪውም የሁሉ እንደሆነ በነጂው ፊት ይናገር። ይህ ተነግሮ ቢሆን ኖሮ የሆድ ቁርጠት ባላስፈለገ።

እናቶችና አባቶችም ልጃቸው ለጉዞ ገንዘብ ሲጠይቃቸው ስንቁን ከመቋጠር ጋር ሁለት ነገር ይጠይቁት፤ የሚነዳው ማን ነው? ከሰዓት በኋላ ስንት ሰዓት ትነሣላችሁ? ከ10 ሰዓት በኋላ የሚል መልስ ከሰሙ፥ ማምሻው በመንገድ ላይ ነውና ስለ አዳሩ አስቀድመው ይነጋገሩ። ታስቦበት የታደረ ሌሊት ዋጋው ቀላል ነው፤ እንቅልፍም ይገኝበታል።

ከሠላሳ ዓመት በላይ መኪና ነድተው ዛሬ በሶዶ በጡረታ የሚኖሩ አንድ አዛውንት አሉ። ለነጂ ከሁሉ የሚበልጠው ግብዣ ምንድን ነው ብለን ጠየቅናቸው። ተሳፋሪዎች ሲጎበኙ እርሳቸውን ባይጠሯቸው፥ መኪናውን ጥላ ሥር አቁመው፥ መጋረጃውን ጋርደው ሁለት ሰዓት ቢተኙ፥ ሲነሡም ትኩስ ቡና ከዳቦ ጋር ቢያገኙ ከዚያ ወዲያ ግብዣ እንደማይፈልጉ ነገሩን። በሥራ ዘመናቸው ይህን ያደረገላቸው ማኅበር በጣት የሚቆጠር ነው፤ ብርጭቆ ይዞ የቀሰቀሳቸው ግን፥ እርሳቸው እንዳሉን፥ ቁጥር የለውም።